ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም

በጅማ ለነጋዴዎች፣ ለተማሪዎችና ለቴሌግራም ግሩፕ አድሚኖች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ሱቃችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ ከሂርማታ መርካቶ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢና ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመጣችሁ ተማሪዎች አላችሁ፤ የሰፈርና የትምህርት ቤት ግሩፖችን የምታስተዳድሩም አላችሁ። ሦስታችሁንም በአንድ አዳራሽ ያገናኛችሁ አንድ ልማድ ነው።

ገንዘብ ተከፈለ አልተከፈለም ሲባል የሚቀርበው ስክሪንሾት ነው። ባለሥልጣኑ እንዲህ አሉ ሲባል ስክሪንሾት፤ ፈተና ወጣ ሲባል ስክሪንሾት፤ ጓደኛሞች ሲጣሉም ስክሪንሾት። እኔ የምለው፣ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ ጥቆማ ነው። «እዚያ ቦታ ሄደህ እይ» ይላል እንጂ እዚያ ያለውን ነገር አያረጋግጥም። ጥቆማ ይዞ መፍረድ ከጀመርን ደግሞ ማንም በማንም ላይ የፈለገውን ማስፈረድ ይችላል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ስልካችሁ ስክሪንሾት ሲያነሳ የሚያስቀረው በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ የነበሩትን ቀለሞች ብቻ ነው። ጽሑፉን ማን እንደለጠፈው፣ ሊንኩ ምን እንደሆነ፣ በኋላ ታርሞ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ምስሉ ውስጥ የለም። ሐሰተኛ ለመሥራትም የፎቶ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ በክሮም አንድ ድረ ገጽ ተከፍቶ፣ ጽሑፉ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጭኖ «ኢንስፔክት» የሚለው ሲመረጥ የገጹ ኮድ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ቃሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ በሌላ መተካት ነው። 500 የነበረው 50,000 ይሆናል፤ የዜናው ርዕስ ይገለበጣል። ለውጡ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ ገጹ ሲታደስ ይጠፋል፤ የተነሳው ምስል ግን ይቀራል። ፊደሉም፣ ቀለሙም፣ አርማውም እውነተኛ ነው፤ የተነሳው ከእውነተኛው ገጽ ላይ ነውና። ስለዚህ «ፊደሉ ከተዛባ ሐሰተኛ ነው፣ ካልተዛባ እውነት ነው» የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ ሰውን ለጉዳት ይዳርጋል።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ጉዳቱ ወዲያው በብር የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ አስፋፉ። ሐሙስ ገበያ ላይ ማርም ሆነ በርጩማ ስትገዙ በስልክ መክፈል ብርቅ አይደለም። መልካም ነው፤ ግን መክፈያው ሲለወጥ የመረካከቢያው ሥርዓት አብሮ አልተለወጠም። በጥሬ ብር ጊዜ ሻጩ ቆጥሮ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ ይቀበል ነበር። ዛሬ ገዢው የራሱን ስልክ አዙሮ «ይኸው ገብቷል» ይላል፤ ሻጩም በሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል አይቶ ዕቃውን ያስረክባል።

«የሚታለለው ሞኝ ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሂሳቡ የተከፈተው በባለቤቱ ስም ነው፤ የገቢ መልእክቱም የሚደርሰው በባለቤቱ ስልክ ነው። ባለቤቱ ወደ አጋሮ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ሱቁ ውስጥ የቆመችው ልጅ ገንዘቡ መግባቱን የምታይበት ምንም መንገድ የላትም፤ ከፊቷ ሰልፍ አለ፣ ገዢው ቸኩሏል፣ የሚያሳያትም «ተሳክቷል» የሚል ገጽ ነው። ገንዘቡ ሳይገባ ሲቀር ከደመወዟ ይቆረጣል። ይህ ግፍ ነው። ማረጋገጫ ሳይሰጣት ተጠያቂ ማድረግ አይገባም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ አውጡ፤ አጭር መልእክት የሚቀበል ተራ ስልክ ይበቃዋል። የነጋዴ አካውንት ወይም ለዕለት ሽያጭ ብቻ የሚውል ሂሳብ በዚያ ቁጥር ክፈቱ፤ ማታ ማታ ገንዘቡን ወደ ዋናው ሂሳባችሁ አዛውሩ። መልእክት ለማንበብ የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ መግባቱን ታያለች እንጂ ማውጣት አትችልም። የሚስጥር ቁጥሩ እናንተ ጋ ይቆያል። ስልኩ ከሱቅ አይወጣም፤ ባትሪው ሲያልቅም «ለዛሬ በስክሪንሾት እንለፍ» አይባልም።

ቀጥሎ መልእክቱ ራሱ እንዴት እንደሚነበብ። አታላዮች የባንክ መልእክት አስመስለው ከግል ስልካቸው ይልካሉ። መጀመሪያ የምታዩት ላኪውን ነው፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ የባንክ መልእክት ደግሞ በባንኩ ስም ይመጣል። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የግል ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የምታዩት ቀሪ ሂሳቡን ነው። የቴሌብርም የንግድ ባንክም የገቢ መልእክት መጨረሻው አካባቢ አሁን ያላችሁን ቀሪ ሂሳብ ይጽፋል። አታላዩ ያን ቁጥር ሊያውቅ አይችልም። ካለፈው መልእክት ቀሪ ላይ አሁን ገባ የተባለውን ደምሩ፤ በመካከል ወጪ ካልነበረና ድምሩ ካልገጠመ ገንዘቡ አልገባም። ከማውቃቸው ማጣሪያዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አሥር ሰከንድም አይፈጅም።

በጣም የሚያስቸግረው ግን ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ ክፍያው የእናንተ ሳይሆን ሲቀር ነው። አንድ ሰው ለሌላ ሱቅ የከፈለበትን ምስል ለእናንተ ያሳያል፤ ወይም ትናንት ለእናንተው የከፈለበትን ዛሬ ደግሞ ያመጣል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የተቀባዩን ስምና የሂሳቡን የመጨረሻ አሃዞች እዩ፤ መሀሉ በኮከብ ምልክት ቢሸፈንም ዳሩ ይታያል። የግብይት ቁጥሩንም በደብተር መዝግቡ። የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በኤፍና በቲ ይጀምራል፤ የቴሌብሩ የፊደልና የአሃዝ ድብልቅ ነው። መጨረሻዎቹን አራት ብቻ ከብሩ መጠን ጋር ብትጽፉ እንኳ ሁለተኛ ጊዜ የመጣ ደረሰኝ ይጋለጣል።

ሰዓቱን ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚህ ላይ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል። ደረሰኞቹ የሚጽፉት በፈረንጆች ቀንና ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 4:25 የከፈለ ሰው ደረሰኙ 10:25 ይላል። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት የዘነጋ ሻጭ «ይህ ሰዓት ገና መቼ ደረሰና!» ብሎ ደንበኛውን ሌባ ያደርገዋል። ቀኑም እንደዚያው ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያል።

ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የተላከ ገንዘብም አለ። እሱ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ስለሚያልፍ አንዳንዴ ይዘገያል፤ የላኪው መተግበሪያ «ተልኳል» እያለ የተቀባዩ ሂሳብ ባዶ ሊሆን ይችላል። ገዢው አልዋሸም፤ ገንዘቡም አልገባም። ሁለቱም እውነት ነው። ለዚህ የሚያዋጣው አስቀድሞ የተወሰነ ደንብ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገባ ዕቃው በገዢው ስም ተለይቶ ይቀመጥ፣ ገዢውም ስሙን አስመዝግቦ ይሂድ። ለትንሽ ዋጋ፣ ለምሳሌ ከ300 ብር በታች ለሆነ ሽያጭ፣ ለታወቀ ደንበኛ አምኖ መስጠት ይቻላል፤ ግን ወሰኑን የሚያስቀምጠው ባለቤቱ ነው፤ ሠራተኛዋ በሰው ፊት እየተሟገተች እንድትወስን አይተውላት። በአውቶቡስ ዕቃ የምትልኩ ደግሞ የጭነቱን ወረቀት ፎቶ ለገዢው የምትሰጡት ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ ከታየ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ያ ወረቀት ዕቃውን ማውጫ ነው።

«በስህተት ወደ እናንተ ልኬአለሁ፣ መልሱልኝ» የሚል ስልክ ሲደወልም መንገዱ ያው ነው። በ*127# ወይም በ*889# ገብታችሁ የራሳችሁን ቀሪ ሂሳብ እዩ። እውነት ገብቶ ከሆነም በእጃችሁ አትመልሱ፤ ላኪው ለባንኩ ወይም ለ127 ያመልክት፣ ተቋሙ ይመልስለት። ገንዘቡ የሦስተኛ ሰው ቢሆንና እናንተ ለደዋዩ ብትልኩለት ዕዳው እናንተው ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዜናው ልሻገር። ጅማ ሰዉ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያፈራረቀ የሚያነብባት ከተማ ናት፤ ይህ ሀብት ነው። ነገር ግን ወሬ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምንጩ መንገድ ላይ ይቀራል። በአፋን ኦሮሞ የወጣ ጽሑፍ ስክሪንሾቱ ይነሳና አንዱ በአማርኛ ማብራሪያ ይጨምርበታል፤ ምስሉን በደንብ ያላነበበ ሰው ማብራሪያውን እንደ ትርጉም ይወስደዋል። በተቃራኒውም ይደረጋል። ሁለቱንም የምታነቡ ሰዎች በየግሩፑ አላችሁ፤ «ምስሉ የሚለው ሌላ፣ ማብራሪያው የሚለው ሌላ ነው» ብሎ መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው። ዝም ስትሉ ሌላው ያመነበታል ብሎ ያስባል።

የአንድ ተቋም ጽሑፍ ነው የተባለ ስክሪንሾት ሲመጣ ወደ ተቋሙ ገጽ ሄዳችሁ ፈልጉት። ስትፈልጉ ከጽሑፉ መሀል አራት ወይም አምስት ተከታታይ ቃላት ውሰዱ፤ ርዕሱን አትውሰዱ፣ ርዕስ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። አማርኛ ላይ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ። መፈለጊያው ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ ተለያዩ ፊደላት ሊቆጥራቸው ይችላል። «ጸጥታ» ብላችሁ ያጣችሁትን «ፀጥታ» ስትሉ ታገኙታላችሁ፤ «ኃይል»ን በ«ሀይል» እና በ«ሃይል» ሞክሩ። አንድ ጊዜ ፈልጎ «የለም» ማለት መፈለግ አይባልም።

አስመሳይ ቻናሎችም በዚሁ ይጠቀማሉ። በቴሌግራም የቻናሉ ስም በፈለጉት ፊደል፣ ፎቶውም በፈለጉት አርማ ሊደረግ ይችላል። መቅዳት የማይቻለው የተጠቃሚ ስሙ ነው፤ በላቲን ፊደላት፣ በአሃዝና በታችኛው ሰረዝ ብቻ ይጻፋል፣ ሁለት ሰዎችም አንዱን ሊይዙ አይችሉም። እሱንም ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ትንሿ ኤል እና ትልቋ አይ በብዙ ስልኮች ላይ አንድ ይመስላሉ። በድሮው ትዊተር፣ በዛሬው ኤክስ፣ ሰማያዊው ምልክት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክፍያ የሚገኝ ሆኗል፤ ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ ማመን አይቻልም።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በጣም ያስፈራናል። ማኅተምና ፊርማ ወረቀት ላይ ክብደት ነበራቸው፤ ፎቶ ውስጥ ግን ከአንዱ ደብዳቤ ተቆርጠው ሌላው ላይ የሚለጠፉ ምስሎች ናቸው። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ቤት ጠይቁ። ጅማ ውስጥ ላለ መሥሪያ ቤት በባጃጅ የሚደረስበትን ጉዳይ ቀኑን ሙሉ በግሩፕ መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው።

አንድ ፎቶ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ለመፈለግ የጉግል ሌንስ፣ ያንዴክስና ቲንአይ አሉ። ከመጫናችሁ በፊት ጽሑፉንና ዳር ዳሩን ቆርጣችሁ ፎቶውን ብቻ አስቀሩ፤ አለበለዚያ መሣሪያው የሚፈልገው የፌስቡክን ገጽ የሚመስል ምስል ይሆናል። ቲንአይ ውጤቱን ከጥንቱ ጀምሮ መደርደር ይችላል፤ የሦስት ዓመት ፎቶ የዛሬ ነው ሲባል በዚያ ይያዛል። ምንም አለመገኘቱ ግን ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ በቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ያለውን እነዚህ መሣሪያዎች አያዩትም። ቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲላክ ምስሉን ያሳንሰዋል፣ የተነሳበትን ቀንና ቦታ የያዘውን መረጃም ያስወግዳል። ስለዚህ ምስክር ነኝ ያላችሁን ሰው «በፋይል መልክ ላክልኝ» በሉት። ፎቶው መነካካቱን በቀለም እናሳያለን የሚሉ ድረ ገጾችን ደግሞ ለዚህ አልመክርም፤ አሥር ጊዜ ተልኮ የተጨመቀ ምስል ሁሉ እነሱ ዘንድ የተነካካ ይመስላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራን ምስል ጣት በመቁጠር መለየትም አብቅቷል። «ማን አነሳው? የት ለጠፈው?» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም ይሠራል።

ለተማሪዎች በተለይ የምለው አለ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና እውነትም ወጥቶ ፈተናው መቋረጡ አይረሳም፤ ስለዚህ ስጋቱ መሠረት አለው። አታላዮች የሚነግዱት በዚህ ስጋት ነው። ስልቱ እንዲህ ነው፤ አንድ ቻናል ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ማንኛውንም ፎቶ ወይም ፋይል ይለጥፋል። ፈተናው ካለቀ በኋላ የጥያቄው ወረቀት እጁ ሲገባ ያንኑ ፖስት ኤዲት አድርጎ ፋይሉን ይተካዋል። ቴሌግራም የሚያሳየው ቀንና ሰዓት የመጀመሪያው ነው። «ኤዲት ተደርጓል» የሚለው ትንሽ ምልክት ይቆረጥና ስክሪንሾቱ ይሰራጫል፦ «ማታውኑ ለጥፈን ነበር፤ የነገውን ለሚፈልግ በቴሌብር ይላክ።» የህንድ ብሔራዊ የፈተና ኤጀንሲ በ2024 እ.ኤ.አ. የሕክምና መግቢያ ፈተናው ወጣ ተብሎ ሲከሰስ፣ በቴሌግራም የታየው ሰዓት የተጭበረበረ መሆኑን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስረድቷል።

መፈተኛው ቀላል ነው። በቴሌግራም ዋናው ፖስት ኤዲት ሲደረግ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይለወጥም። «ማታ ለጥፈን ነበር» የሚለውን ቻናል «ማታ ፎርዋርድ ያደረገ ሰው ያሳየን» በሉት። ወይም የተጠረጠረ ፖስት ስታዩ ወዲያው ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ ለራሳችሁ ብቻ ወደሚታየው ማስቀመጫ፣ ፎርዋርድ አድርጉት፤ ነገ ዋናው ቢለወጥ ቅጂያችሁ ያጋልጠዋል። ገንዘብ የላከ ተማሪ ካለ ደግሞ አታሳፍሩት፤ ካሳፈራችሁት ተናግሮ ሌላውን አያስጠነቅቅም።

የግል ጭውውት ስክሪንሾት ላይ አጭር እሆናለሁ፣ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ስልኬ ላይ የማንንም ቁጥር በማንም ስም መመዝገብ እችላለሁ፤ ከሌላ ስልክ ራሴ ለራሴ ጽፌ «እሷ ጻፈችልኝ» ብዬ ማሳየት እችላለሁ። በቴሌግራም የላክሁትን እስከ 48 ሰዓት ኤዲት ማድረግ እችላለሁ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በቴሌግራም የሁለት ሰው ጭውውት ውስጥ አንዱ ወገን የሌላውን መልእክት ጭምር ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ መልሱን ትቶ ጥያቄውን፣ ወይም ጥያቄውን ትቶ መልሱን ማስቀረት ይቻላል። በእንዲህ ዓይነት ምስል ላይ ተመሥርቶ የአንዲት ተማሪ ስም በግቢው ሁሉ ሲጎድፍ ዝም የሚል አድሚን የጥፋቱ ተካፋይ ነው። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሰው የግል ንግግር ያለፈቃዱ አይለጠፍም። እንዲህ ያለውን በየግሩፓችሁ ያለ ክርክር አጥፉ።

ዛቻ ወይም ማጭበርበር ደርሶባችሁ ማስረጃ ማስቀመጥ ሲኖርባችሁስ? መጀመሪያ መልእክቶቹን ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ ፎርዋርድ አድርጉ፤ ላኪው ቢያጠፋቸው ቅጂው ይቀራል። ከዚያ የስክሪን ቪዲዮ እየቀዳችሁ ጭውውቱን ከላይ እስከ ታች አሳልፉ፣ የላኪውን ፕሮፋይል ከፍታችሁ የተጠቃሚ ስሙንና ቁጥሩን አሳዩ። ቴሌግራሙን አታጥፉ፣ ከአካውንቱም አትውጡ። ገንዘብ ከሄደ የግብይት ቁጥሩን ይዛችሁ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ወዲያው ደውሉ፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ለፖሊስ ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ።

አድሚኖች፣ እናንተ ላይ ሕጉም ይበረታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ለሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ ከበድ ያለ ቅጣት ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖርም ግን የምጠይቃችሁ አንድ ደንብ ነው፤ ሊንክ የሌለው ስክሪንሾት በግሩፑ አይለጠፍ። ፖስቱ በእርግጥ ካለ ሊንኩን መላክ ስክሪንሾት ከማንሳት አይከብድም። «ጠፍቶብኝ ነው» ለሚል ሰው ጊዜ ስጡት፤ ምንጩን ይዞ ሲመጣ ይለጥፋል።

ሐሰተኛው አልፎ ከተለጠፈ ደግሞ ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም። ፎርዋርድ ያደረጉት ሰዎች ጋ ያለው ቅጂ እናንተ ስታጠፉም ሆነ ስታርሙ አይነካም። ስለዚህ እርማቱን ለብቻው እንደ አዲስ መልእክት ለጥፉ፣ ስሕተቱ ምን እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ቢያንስ ለሁለት ቀን ከላይ ሰክታችሁ አቆዩት፤ ፎርዋርድ ያደረጉትም እርማቱን ወደ ላኩበት ሁሉ እንዲልኩ በስም ጠይቁ። ሐሰተኛውን ምስል ለማሳየት ስትሉ እንደነበረ መልሳችሁ አትለጥፉት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም «ሐሰት» የሚል ጽሑፍ በመሀሉ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር አጋድማችሁ ጻፉበት። ጥግ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል።